ላሟ ወለደች ወይ

ማልሱን ደንቆሮ ብትሆን ኖሮ ደስታዋ ነበር። ቤቷ ሁለት ኮረብታ መሀል ተቀርቅሯል። በወዲህኛው ኮረብታ ላይ የእኛዎቹ ወታደሮች ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ደርድረው የሴኡል ኮረዶችን ዘፈን ይለቁበታል፤ ከወዲያኛው የሰሜን ኮሪያ ወታደሮች የተኩላ ጩኸትና የብረት ፍትጊያ ይመልሳሉ። ዘፈኑ ይሻላል የሚል ካለ መጥቶ አንድ ሳምንት ይደርበት።

ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ለከተማ ሰጥታ፣ የቀረቻት አንዲት ላም ናት። ባለፈው ዓመት ጩኸቱ ሲጀመር ላሟ ደንግጣ ጽንሷ ጨነገፈ። ዘንድሮ እንደገና አርግዛለች። ይኸኛው ከሞተ ላሟም እሷም ሌላ የሚሞክሩበት ዕድሜ የላቸውም።

ሰኞ ዕለት ከሴኡል አንድ ባለሥልጣን መጥቶ መንደሩን አዳራሽ ሰበሰበ። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እንደ ፌንጣ እየዘለለ የገባ ሰው ነው።

«ጎረቤታችን ኒውክሌር ታጥቋል» አለ። «ስለዚህ ባንድ እጃችን ጡጫ እናሳየዋለን፤ ሌላውን ለሰላምታ እንዘረጋለታለን። ቁም ነገሩ ሚዛኑ ላይ ነው።»

«ታዲያ በየትኛው እጃችን እንብላ?» አለች ማልሱን።

«እማማ፣ ዝርዝሩ ምስጢር ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላሟን ምጥ ያዛት። ትተኛለች፤ ተኩላው ሲጮህ ብድግ ትላለች። ደግሞ ትተኛለች፤ ዘፈኑ ሲፈነዳ ብድግ። የጥጃዋ እግር ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል። ማልሱን ይህን አይታ ወደ አዳራሹ ገሰገሰች። ማ የሚባለው የመንደሩ አለቃ ጣሪያው ላይ ባለው ማጉያ ስለ ጉንፋን ክትባት ይለፍፋል።

«ተነሥ፣ ማ። ሂድና ላሜ ጋ ቁምልኝ።»

«እማማ፣ ይኼ እኮ የመንግሥት ማይክሮፎን ነው።»

«እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ተነሥ አልኩህ።»

ተነሣ። እሷ ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ለጠፈች።

«አንተ ማዶ ማሽኑ ላይ የተቀመጥከው ልጅ። የማን ልጅ ነህ? እህል ቀምሰሃል? ላሜ ምጥ ላይ ናት። እስክትገላገል ይኼን ተኩላህን ዝም አሰኝልኝ። ቦምብ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ቦምብ ጥጃ አያዋልድም።»

ተኩላው ትንሽ ጮኸ። ከዚያ ቀጥ አለ።

የቀረው የገዛ ራሳችን ዘፈን ነው። ማልሱን ባንድ እጇ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ በሌላው ትኩስ እበት የሞላ አካፋ ይዛ ኮረብታውን ወጣች። መቶ አለቃ ኩክ፣ ጢሙን ለመላጨት ገና የማይቸኩል ልጅ፣ ማጉያው ሥር ቆሟል።

«አጥፋው።»

«አይቻልም፣ እማማ። እነሱ ዝም ሲሉ እኛም ዝም ካልን ፈሩ ይሉናል።»

«ሲጮሁስ?»

«ሲጮሁማ መመለስ አለብን።»

«እና የምታጠፉት መቼ ነው?»

ልጁ አሰበ። «እሱ ከእኔ በላይ ላሉት ነው።»

ሁለቱንም እጇን ዘረጋችለት። «ፖሊሲያችሁ ይኸውልህ። ምረጥ።»

ኩክ እበቱን አየ፣ ንጹሕ ዩኒፎርሙን አየ፣ ድንቹን አሸተተ። «ጥገና የሚባል ነገር አለ» አለና ሶኬቱን ነቀለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥጃዋ መሬት ነካች።

በማግስቱ ባለሥልጣኑ አንድ ጄኔራል አስከትሎ መጣ። ጄኔራሉ ጠላት ዝም ያለው ፈርቶ ነው ይላል፤ ባለሥልጣኑ በንግግር ነው ይላል። ከጥጃዋ ጋር ፎቶ ለመነሣት ተጋፉ። ማልሱን ላይ ግን ወዲያው ተስማሙ፤ ያለ ፈቃድ ከጠላት ጋር ተነጋግራለች። የአዳራሹን ማይክሮፎን ነቅለው መኪናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ይኼን ጊዜ ከማዶ ማጉያው ተንኳኳ። ተኩላ አይደለም፤ ጎረምሳ ነው፣ እያፈረ።

«እማማ፣ ላሟ ወለደች ወይ?»

ጄኔራሉ ፊቱ ተለዋወጠ። «ላም ያለው ምኑን ነው? ሚሳይል ይሆን?»

«ማንም መልስ እንዳይሰጥ» አለ ባለሥልጣኑ። «ከመለስን ተለሳለሱ ይሉናል፤ ካልመለስን ናቁን ይላሉ። ኮሚቴ ይቋቋም።»

ማልሱን ትታቸው ሄደች። ጋጣ ገብታ ጥጃዋን ታቅፋ ወጣች፤ እናቲቱ ከኋላ ተከተለች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ፀሐይ ላሞቃት። ለፀሐይም ፈቃድ አለ?»

ባቄላ ማሳዋ ዳር፣ ከማዶኛው ኮረብታ ማማ ፊት ለፊት አቆመቻት። የጥጃዋ እግሮች ተብረከረኩ፣ ቆመች። ማማው ላይ የመነጽር መስታወት ብልጭ አለ።

ጥጃዋ አንገቷን አስግጋ እምቧ አለች። ሁለቱም ኮረብታ ዝም ብሎ ሰማት።