በምላጭ የተቆረጡት ሽፋኖች

ናዝራዊት ኪዳነ ማርያም ሣጥኑን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የጎደለውን ነው። ሃያ ሦስት የቆዩ ኮሚኮች ነበሩበት፤ ሃያ ሦስቱም ሽፋን የላቸውም።

ናዝራዊት ጎንደር ፒያሳ ላይ መጽሐፍ ትጠርዛለች። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ ካህናት የተገነጠለ ዳዊታቸውን ያመጡላታል። ከሥራዋ ውጭ የምትሰበስበው አንድ ነገር ነው፤ በንጉሡ ዘመን የውጭ አገር አስተማሪዎች ይዘዋቸው የመጡ፣ ሲሄዱም ለተማሪዎቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ኮሚኮችን፣ በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶችን። ታሪኩን ብዙም አትከታተልም። የምትወደው ሽፋኑን ነው። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ጻድቁን ሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎኑ አዙረው አንድ ዓይን ብቻ ሲሥሉ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ሽፋን ስታይ ቀድማ የምትፈልገው ዓይን ነው። ጭንብል ያጠለቀው ጀግና ብሌን የሌለው ነጭ ዓይን ኖሮት፣ ክፉው ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን አፍጥጦ ሲያያት፣ ሠዓሊው ምን አስቦ እንደሆነ ስታሰላስል ሻይዋ ይቀዘቅዛል። የምትደረድራቸውም በዓመታቸው አይደለም፤ ከፎቅ የሚወድቁ ሰዎች ለብቻ፣ ከተማ ላይ የተዘረጋ ግዙፍ እጅ ለብቻ፣ ወደ ኋላ እያዩ የሚሮጡ ለብቻ።

ሣጥኑን ያመጣላት አያ የሻው ነው። የቆየ ዕቃ ከገጠር እየሰበሰበ ለፒያሳ ሱቆች የሚያስረክብ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው።

«አያ የሻው፣ ሽፋኑ የት ሄደ?»

«እንዲሁ ነው ያገኘሁት።»

«ሃያ ሦስቱም?»

«ሃያ ሦስቱም። እኔ ዕቃ አመጣለሁ እንጂ ዕቃ አልቆርጥም።»

ይህን እያለ የሣጥኑን ገመድ የበጠሰበትን ምላጭ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ናዝራዊት ምላጩን ልብ አለችው። አሮጌ ወረቀት ሲቀደድ ጠርዙ ይጎረባብጣል፤ እነዚህ ግን ቀጥ ብለው፣ በስለት፣ በተረጋጋ እጅ ነው የተቆረጡት። ሽፋኑን ብቻ በመስተዋት አድርጎ ለቱሪስት የሚሸጥ እንዳለ ሰምታለች። በማግሥቱ ግንቡ አጠገብ የስጦታ ዕቃ ለምትሸጠው ለእንኳየሁ፣ «የሻው ሽፋን እየቆረጠ ለብቻው የሚሸጥ መሰለኝ» አለቻት።

«መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ሁለተኛው ሱቅ ሳትደርስ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አያ የሻው ዕቃውን ተሸክሞ ሲመጣ ባለሱቆቹ ሌላ ሥራ ይዘው ይጠብቁት ጀመር።

ናዝራዊት ሽፋኖቹን በየሱቁ ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም። ይህ ሊያጠራጥራት ሲገባ ጭራሽ አረጋገጠላት። ሸሽጓቸዋል ማለት ነው አለች። አንድ ቀን ግን መጽሔቶቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ በአንደኛው ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ የሰውና የከተማ ስም አገኘች፤ «ስማቸው፣ ትክል ድንጋይ»።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ትክል ድንጋይ ሄደች። ስሙን ስትጠይቅ አንዳንዱ አላውቅም አላት፤ አንዲት ሽሮ ሻጭ ግን በአገጯ ጠቁማ የእህቱን ቤት አሳየቻት።

እትዬ የትነበርሽ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ የሚለቅሙ ሴት ነበሩ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ። የስማቸው ቤት ይኼ ነው?»

እጃቸው ቆመ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፣ ከጎንደር።»

«ምነው ታዲያ ስሙን ጠራሽ?»

«መጽሔት ላይ ተጽፎ አግኝቼው ነው። የመጽሔቶቹን ሽፋን ነው የምፈልገው።»

እትዬ የትነበርሽ ተነሡ። ጭናቸው ላይ የነበረው ሰፌድ ተገልብጦ ባቄላው ተበተነ።

«ስለ ሽፋኑ ማን ነገረሽ?»

ናዝራዊት በልቧ «ያውቃሉ» አለች። ከየሻው ጋር ተካፍለውታል። «አያ የሻው የቆረጣቸው እርስዎ ጋ ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«የሻው የሸጥሁለትን ሣጥን ከቆጥ ላይ አውርዶ ሄደ እንጂ ምን ያውቃል?» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጎረቤታቸውን ጠሩ። «አያ አዳነ! አያ አዳነ ኧረ ና!»

አዳነ ዱላውን ይዞ መጣ። መታወቂያዋን ጠየቀ፤ ፊቷንና ፎቶውን አስተያየ። ከዚያ ቦርሳዋን አስከፈታት። ብሩሽ ወጣ፣ ክር ወጣ፣ በመጨረሻም በቆዳ የተጠቀለለ ምላጭ ወጣ።

«ይኸው!» አለ አዳነ። «ዓምናም እንደ አንቺ ለስላሳ አፍ ያላቸው መጥተው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ብራና እናያለን አሉ። ከሄዱ በኋላ መጽሐፉ መሐሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንቺስ የማንን ልትቆርጪ ነው?»

«የሥራ መሣሪያዬ ነው።»

«እነሱም እንዲያ ነበር ያሉት።»

ናዝራዊት ምላጩ አዳነ መዳፍ ላይ ተጋድሞ ስታየው ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አያ የሻውን የፈረደችበት በዚህችው ነበር፤ ኪሱ በገባች ምላጭ። መጽሔቱን ከጃኬቷ ውስጥ አወጣችና በእርሳስ የተጻፈውን ገልጣ ለእትዬ የትነበርሽ ዘረጋችላቸው።

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በጣታቸው ጽሕፈቱን ተከተሉ።

«የስማቸው እጅ ነው» አሉ። «ጅራቱን እንዲህ የሚያስረዝመው እሱ ነው።» መጽሔቱን መለሱላት። «ግቢ። አዳነ፣ አንተም ግባና በሩ ላይ ቁም። ምላጩን እንዳትሰጣት።»

የጓዳው ግድግዳ ሲጋራ እንደሚያጨስ ሰው ጥርስ በወየበ አሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። እትዬ የትነበርሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተናገሩ።

ስማቸው ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ጎንደር ሲማር መጽሔቶቹን ፈረንጅ አስተማሪው ሰጠው። ደርግ መጥቶ በየቤቱ ፍተሻ ሲጀመር ይዟቸው ወደዚህ ሸሸ። «ወላጆቻችን አቃጥላቸው ብለው ቢለምኑት እንቢ አለ። ውስጡ ከሩቅ አይለይም፣ ሽፋኑ ግን ይጮኻል አለ። በአባታችን ምላጭ ቆረጣቸውና እዚህ ለጠፋቸው። በላዩ ጋዜጣ ደረበበት። እኔ ነኝ የዱቄት ማጣበቂያውን ያማሰልሁለት።»

«ከዚያስ?»

«በሳምንቱ ፈታሾቹ መጡ። ‹ወረቀቱ የት አለ?› አሉ። ይኼን ይሁን ሌላ ወረቀት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይዘውት ሄዱ፤ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ናዝራዊት የጋዜጣውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ኋላ፣ «አንዷን ብቻ ልግለጥልዎት?» አለች።

ውኃ አስመጥተው ፈቀዱላት፤ አዳነ ከትከሻዋ በላይ እያየ ነበር። ጋዜጣውን በርጥብ ጨርቅ አረሰረሰችው፤ ማጣበቂያው እስኪለቅ ጠበቀች፤ ከዚያ በጥፍሯ ጫፉን አንስታ ወደ ታች ላጠችው። ቀይ ሰማይ ብቅ አለ። ፀሐይ ሳይነካው ስለቆየ ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። ከሰማዩ ግዙፍ እጅ ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ሕዝቡ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይሸሻል። አንዲት ሴት ብቻ መንገዱ መሐል ቆማ ሽቅብ ታያለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ።

ናዝራዊት ግዙፍ እጅ የተሣለባቸው አሥራ አንድ ሽፋኖች አሏት። በሁሉም ላይ ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ። እንዲህ ያለች አይታ አታውቅም።

«ይችን አስታውሳታለሁ» አሉ እትዬ የትነበርሽ። «‹አንቺን ትመስላለች፣ አትሸሽም› ይለኝ ነበር።» በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ሸጋ ናት።»

ናዝራዊት ወደ ቀጣዩ ጋዜጣ እጇን ልትሰድ ስትል፣ «ይበቃል» አሏት። «ሌላውን አትንኪ።»

«ፎቶ እንኳ ላንሳት?»

«ፎቶው የት እንደሚደርስ በምን አውቃለሁ?»

ናዝራዊት ስልኳን መለሰች። አዳነ ምላጩን የሰጣት መኪና ላይ ከወጣች በኋላ፣ በመስኮት ነው።

ሰኞ ዕለት አያ የሻውን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አገኘችው። ያልተሸጠ የነሐስ ማሰሮ አጠገቡ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«አያ የሻው፣ በድዬሃለሁ። ሽፋኖቹን የቆረጣቸው ባለቤታቸው ነው፤ በደርግ ጊዜ።»

«እኔማ እንዳልቆረጥሁ አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ተያይዘው እንኳየሁ ሱቅ ገቡ። ናዝራዊት ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ግድግዳው ስትደርስ ግን የማን ቤት እንደሆነ አልተናገረችም። እንኳየሁ አንዴ እሷን፣ አንዴ አያ የሻውን አየች።

«የየት ቤት ግድግዳ?»

«እሱን አልናገርም።»

«እ…» አለች እንኳየሁ ፈገግ ብላ። «ታዲያ አሁን አብራችሁ ነው የምትሠሩት በይኛ።»

አያ የሻው ማሰሮውን አንሥቶ ወጣ። ናዝራዊት ተከተለችው፤ አልጠበቃትም። መንገዱን ተሻግሮ እስኪሰወር አየችውና ወደሚቀጥለው ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ገና ሳትናገር ሌላ ሥራ ያዘ።