እስኪነጋ የተያዘ መርዶ

ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ካሉት የገበያ አዳራሾች በአንደኛው፣ ምድር ቤት ውስጥ ሻንጣና ቦርሳ የምትሸጠውን ውባንቺን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ የሚያውቃት ሁሉ ደግሞ ምላሷን ይፈራል። ያን ዓርብ ግን ምላሷ ታስሮ ዋለ። ገና የሱቋን በር ሳትከፍት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ባንታየሁ ደውለው፣ ወንዳፍራሽ ማረፉን ነገሯት። ኩላሊቱን ሊታከም አዲስ አበባ ከሄደ ወራት አልፈውት ነበር፤ ሐሙስ ማታ አልሆነለትም። እዚህ የቀረችው አንድ ልጁ ያኤል ገና አልሰማችም። እናቷን በሕፃንነቷ ነው ያጣችው፤ አባቷ ከሄደ ወዲህ ካንጌሚ ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምታድረው።

መቼም መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ መንገድ አስቁሞም አይነገርም። የአባቷ እህት አያልነሽ ከሞያሌ በአውቶቡስ እየመጣች ነው፤ ሌሊቱን ትደርሳለች፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ የልጅቱን በር ያንኳኳል። የሚይዛት ክንድ ሳይኖር እንዳትሰማ ነው ነገሩ ሁሉ። እስከዚያ ግን ያኤል ከነስልኳ የምትውለው ሌላ የትም ሳይሆን ከውባንቺ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጋሽ ባንታየሁ፣ "አንቺ ቅርብ ነሽ፤ ዓይንሽን ከልጅቱ ላይ እንዳትነቅዪ" ብለው ዘጉት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ውባንቺ፣ "ደግሞ ሞግዚት አደረጋችሁኝ?" ብላ ሰውዬውን አፍ ታስይዛቸው ነበር። ይህን አደራ ግን እምቢ የምትልበት አንጀት የላትም። የራሷን እናት ሞት የሰማችው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ቆማ ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ ከአገር ቤት ደውሎ፣ መርዶውን የተረዳች መስሎት፣ እግዜር ያጽናሽ አላት። ፊት ለፊቷ ደግሞ አንዲት ደንበኛ የሻንጣ ጎማ እያሽከረከረች፣ ዋጋ ቀንሺልኝ ትላለች። ቀነሰችላት፣ ሸጠችላት፣ መልሷንም ሰጠቻት። ከዚያ በሩን ዘግታ ሻንጣዎቹ መሃል ተቀመጠች፤ የሚያቅፋት ቀርቶ አይዞሽ የሚላት አልነበረም። እድሩ ኋላ መጥቶ ለቅሶ ደርሷታል፣ ግን ምን ያደርጋል፤ ያን ቀን ዕንባዋ እምቢ እንዳለ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣታል።

ስለዚህ ሱቋን ለጎረቤቷ ለለይላ አደራ ብላ ደረጃውን ወጣች። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ኬንያዎች ዘበኛን አስካሪ ነው የሚሉት፤ ውባንቺ ቃሉን በሰማች ቁጥር ሳቋ ይመጣል፣ ይሄኛውማ እንኳን ሊያሰክር ውሃ የሚያስጠማ ፊት ነበረው። ከላይ እስከ ታች አየት አድርጓት፣ ቤቱ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነው አላት። እሷም በገበያ ስዋሂሊዋ፣ ሃያ አምስትን ሁለት ጊዜ ልትሞላ ጥቂት እንደቀራት፣ እንደ ሁለት ወጣት ቆጥሮ እንዲያስገባት ነገረችው። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀና አሳለፋት።

ውስጡ እንዳሰበችው አልነበረም። በየጠረጴዛው ልጆች ሞልተዋል፤ ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ሁሉም አብሮ፣ ሁሉም ለየብቻው። ድፍን የዌስትላንድስ ጡሩምባ ታች ሲጮህ እዚህ የወረቀት ድምፅ ይሰማል። ያኤል መስኮቱ ጥግ ነች፤ ላፕቶፗን ከፍታ ታየዋለች እንጂ አትነካውም። እዚህ ቤት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ አንድ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ያየ ያለ አይመስልም። ቀጭን ናት፣ ሹራቧ የአባቷ ነው፣ እጅጌው ጣቷን ይሸፍነዋል። ውባንቺ ስታያት አንጀቷን በላችው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ወደ ዋንጂኩ ነበር። በሹክሹክታ ጉዳዩን አስረዳቻት፤ ሴትዮዋ ግን ደነገጠች። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ልጁ ነው መጀመሪያ የሚሰማው። ያኤል ሃያ ዓመቷ ነው፣ አዋቂ ናት፣ የሞተውም የራሷ አባት ነው፤ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አለማወቋ ግፍ አይደለም ወይ አለች፤ አሁኑኑ ሄዳ ልትነግራትም ከወንበሯ ተነሳች። ውባንቺ ክንዷን ያዘቻት። መርዶ በስዋሂሊ ምን ይባላል? ሻንጣ መሸጫ ስዋሂሊ ለዚህ አይሆንም። የወጣላትን ተናገረች።

"ብቻዋን እንድትሰማ አልፈልግም። እኔ ብቻዬን ነው የሰማሁት።"

ይህን ለሰው ብላ አታውቅም። ዋንጂኩ፣ ልጅቱ በላፕቶፗ እንዳታየው፣ ከኋላ ወዳለው ክፍል ገብታ ኢንተርኔቱን አጠፋችው። አዳራሹ አጉረመረመ። ዋንጂኩ በየጠረጴዛው እየዞረች ይቅርታ ስትጠይቅ ያኤል ዘንድ ደረሰች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇን ያዘችና፣ "ፖሌ ሳና" አለቻት።

ውባንቺ መርዶው ወጣ ብላ ደነገጠች። የዚህ አገር ሰው ድንጋይ ሲያደናቅፍህ ፖሌ ይልሃል፣ ጉንፋን ሲይዝህ ፖሌ ይልሃል፣ አባትህ ሲሞትም ፖሌ ይልሃል። ያኤል ቀና ብላ ሴትዮዋን ረዘም አድርጋ አየቻት። ዋንጂኩም፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ስለዚህ ነው አለች። ልጅቱ ምንም አይደል ብላ አንገቷን ደፋች።

ውባንቺ ነፍሷ መለስ ሲል ሄዳ አጠገቧ ዘፍ አለች። ስልኳ እንደተበላሸ፣ ዕቃዋ ሞምባሳ ወደብ ላይ እንደቆመ፣ የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊው በየደቂቃው ስለሚፈልጋት የያኤልን ስልክ ለዛሬ እንድታውሳት ለመነቻት። ከላይ እስከ ታች ውሸት። ያኤል አንድ ጥያቄ ሳታነሳ ስልኳን ሰጠቻት። ውባንቺ ቦርሳዋ ውስጥ ቀርቅባው፣ እኔ እሳት የላስኩ ብላ ራሷን አደነቀች።

ቀኑ እንዲህ መሸ። ምሳ ከታች አስመጥታ ደረጃው ላይ በሉ፤ ያኤል አፏ ላይ ታደርጋለች እንጂ አትውጥም። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ስለ አባቷ ጠየቀቻት። ድሮ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው አለቻት። ውባንቺ ወንዳፍራሽን ናይሮቢ ከገባች ጀምሮ ታውቀዋለች። ጊጊሪ፣ ኤምባሲዎቹ ሰፈር፣ ለፈረንጆች መኪና ሲነዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻንጣዋን ከመጋዘን በነፃ ሲያመላልስላት። ግን ምን ብላ ታውራ! ደግ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ሰው ይወዳል እያለች ስትናገር አንዲት ቃል ከአፏ እንዳታመልጣት ላብ አጠመቃት። ነበር የምትለው ቃል። አንዴ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ በሳል መለሰቻት። ሰው አማርኛ ሲናገር ነበርን እንዲህ አዘውትሮ እንደሚጠራ ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ያኤል ግን ጉንጯን ደግፋ አፍ አፏን እያየች ታዳምጣለች፤ ሲያልቅባት፣ ሌላ ንገሪኝ ትላለች። ያን ያህል ሰው አጠገቧ ተቀምጦ አውርቷት አያውቅምና ውባንቺ ደስታዋ መሰላት።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋንጂኩ መብራቱን ማጥፋት ጀመረች። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እርስ በርስ ሳይሰነባበቱ ወጡ። ውባንቺ የመጨረሻ ውሸቷን አቀረበች። ሰፈሯ ውሃ እንደጠፋ፣ ዛሬ ያኤል ዘንድ ማደር እንደምትፈልግ ነገረቻት።

"እሺ፣ ነይ" አለች ያኤል፣ ላፕቶፗን እየዘጋች። "አባዬም እንግዳ ይወድ ነበር።"

ውባንቺ ወንበሩን ይዛ ቆመች።

"አውቃለሁ እትዬ። ሞርኒንግ ነው ያየሁት፣ ከአልጋ ሳልነሳ። የአክስቴ ልጅ የአባዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ፖስት አድርጎ።"

"ማን ነበር አጠገብሽ?"

"ማንም።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትደብቅ፣ ኢንተርኔት ስታስጠፋ፣ ቃል ስትለቅም፣ ያ እንዳይሆን የፈራችው ነገር ጠዋት አልጋ ላይ ሆኖ አልፏል። ውባንቺ አዘነች፣ ተናደደች፣ በራሷም አፈረች። ለምን አልነገርሽኝም አለቻት፤ ድምፅዋ ቁጣ ቁጣ ይላል።

"ከነገርኩሽ ትመጣላችሁ?" አለች ያኤል። "አባዬ ይለኝ ነበር፣ እኛ ጋ ሰው ሲሞት ጠዋት ብዙ ሰው መጥቶ ዶር ያንኳኳል ይል ነበር። እኔ ካወቅኩ ግን፣ ዋት ፎር? ለምን ይመጣሉ? እኛ ቤት ማንም መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ መጣሁ። ቢያንስ እዚህ ሰው አለ። ከዚያ አንቺ ስትመጪ፣ እውነትም ሊነግሩኝ ነው አልኩ።"

ዋንጂኩ በሩ ላይ ቁልፍ ይዛ ትጠብቃቸዋለች፤ አማርኛውን ባትሰማም ገብቷታል መሰለኝ፣ አላጣደፈቻቸውም። ያኤል ለጋሽ ባንታየሁ እንዳትናገርባት ለመነቻት። እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ግን ሲነግሯት ምን እንደሚባል አታውቅም። ለቅሶ ቤት ሄዳ አታውቅም፣ አባቷ ወስዷት አያውቅም።

"ምንም አትበዪ" አለቻት ውባንቺ። "ጩኺ።"

"ጎረቤቶቼ ይደነግጣሉ።"

"ይደንግጡ።"

"እንባ ባይመጣስ? ቀኑን ሙሉ አልመጣም።"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው ተረት ምላሷ ላይ ነበር፤ ውሸት እንደሆነ ራሷ ስለምታውቅ ዋጠችው።

"እኔ እጀምርልሻለሁ" አለቻት።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጨናንቀው ካንጌሚ ደረሱ። ያኤል ክፍሏን ጠረገች፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋች፣ ያሏትን ኩባያዎች ሁሉ አጥባ ደረደረች። ይበቃ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች፤ ውባንቺ ይበቃል አለቻት፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ግን አታውቅም። ከዚያ ሁለቱም ከነልብሳቸው ጋደም አሉ፤ ያኤል ሹራቡን እንደለበሰች ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ጎህ ሲቀድ ከውጭ የብዙ ሰው እግር ድምፅና የታፈነ ሳል ተሰማ። በሩ ተንኳኳ። ያኤል ተነስታ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ እንቅልፍ እንደሰበረው ሰው ሆና፣ "ማነው?" አለች። በሩ ገና ሳይከፈት ውባንቺ ማልቀስ ጀመረች።