የኮርኒሱ ሆዳም

ወንድሜ ሲያገባ ያስቀመጠኝ ከዓምዱ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ክርኔን ይመታኛል። ትሪው እየተነነ በአፍንጫዬ ሥር ይወጣና እኔን እንደ ዓምዱ ቆጥሮ ወደ ፊት ወንበሮች ይሄዳል። ሰው ሙሽሮቹን ሲያይ አመሸ፤ እኔ ዓምድ ሳይ አመሸሁ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር ቢኖር ስቴኪኒ ነው። ምን በልቼ ምኑን ከጥርሴ እንደማወጣ እነሱ ይወቁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ያ ክርኔ ዝናብ ሊመጣ ሲል እስከ ዛሬ ያመኛል።

እንግዲህ ያንኑ አዳራሽ ወንድሜ ገዛው። ሴት ልጁን የሚድረውም እዚያው ነው። ኮርኒሱን ቀለም የሚቀባ ሰው ሲያስፈልገው ታዲያ ትዝ ያልኩት እኔ ነኝ። ለሰው ሲያወራኝ "በግንባታ ዘርፍ ነው የሚሠራው" ይላል፤ ሥራ ሲኖረው ግን ስሜ "ና እስቲ" ነው።

"ልጅቷ ሰማይ ነው የምፈልገው ብላለች" አለኝ፣ ወደ ላይ እየጠቆመ። "የማታ ሰማይ። ከነኮከቡ።"

"እሺ። እኔስ የት ነው የምቀመጠው?"

"የት ትቀመጣለህ? መወጣጫው ላይ ነዋ!"

"በሠርጉ ቀን ማለቴ ነው፣ ጋሼ።"

ሰዓቱን አየ። "መጀመሪያ ኮርኒሱን ጨርስ" ብሎኝ ወጣ።

አያችሁ? እኔ ሰማይ ልሠራለት፣ ለእሱ አንዲት ወንበር ትከብደዋለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከፊት ካላስቀመጠኝ በር ላይ ሙሽሪትን ስሜ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወንድም አለኝ አልልም ብዬ ማልኩ።

ሙሽሪት አስተማሪ ናት። ከሥራ ስትወጣ የሰማይ ካርታዋን ይዛ ትመጣና ከመወጣጫው ሥር ትቆማለች፤ እኔ ከላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነጥብ እጥላለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ትምህርት ጠልቼ አይደለም፤ የቤታችን አቅም ለአንድ ልጅ ብቻ ስለበቃ ነው። አንዱ ልጅ ማን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም። የእሱ ልጅ ግን ምን አደረገችኝ? ደግሞ አፏ ይጣፍጣል።

"ያ አዳኙ ነው፣ አጎቴ" ትለኛለች። "እነዚያ የተደረደሩት ሦስቱ ቀበቶው ናቸው። የጥንት ሰዎች ሲያወሩ፣ የማልገድለው አውሬ የለም ብሎ ቢፎክር ጊንጥ ተላከበት ይላሉ።"

"ነደፈው?"

"ነደፈው። ከዚያ ሁለቱም ሰማይ ላይ ወጡ። ግን አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይጠልቃል፤ አይገናኙም።"

"እስከ ዛሬ ተኳርፈው?"

"እንደዚያ በለው።"

"ይቺ የተንጋደደችውስ?"

"ንግሥት ናት። በውበቷ ስለተኩራራች ከነወንበሯ ሰቀሏት። ሰማዩ ሲዞር ቁልቁል ትዘቀዘቃለች።"

"ቢሆንም ወንበር አላት" አልኩ።

ቁራው ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የመጣው። ቁራውን ጌታው ውኃ አምጣ ብሎ ጽዋ አስይዞ ላከው አለችኝ። እሱ ግን መንገድ ላይ በለስ አየና እስኪበስል ሲጠብቅ ቆየ። ሲመለስ "እባብ ምንጩን ዘግቶብኝ ነው" ብሎ አሳበበ። ጌታው ውሸቱን ነቃበት፤ ቁራውንም፣ ጽዋውንም፣ እባቡንም አንድ ላይ ሰማይ ላይ ወረወራቸው። ቁራው ጽዋው አጠገብ ቆሞ ሲጠማ ይኖራል።

"በአፍንጫው ሥር እያለ?"

"በአፍንጫው ሥር እያለ።"

ብሩሼን አስቀመጥኩ። "ይሄ ቁራ ዘመዴ ነው። ወጥ ቤት በር ላይ ነው ያስቀመጡት።"

እስክታነባ ሳቀች። የዚያን ሠርግ ታሪክ ከአባቷ ሳይሆን ከእኔ፣ በየዓመቱ፣ ሰምታዋለች።

"ለካ ሰማይ የቂም መጋዘን ነው!" አልኳት። "እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።"

"ኮከቦቹማ ምንም አያውቁም። እንዲያውም እርስ በርሳቸው በጣም ይራራቃሉ፤ ከዚህ ሆነን ስናያቸው ነው ጎን ለጎን የሚመስሉት።"

"እንደ እኔና እንደ አባትሽ በይኛ።"

"አጎቴ!"

"እሺ ተይው። መስመሩን ማን አሰመረላቸው ታዲያ?"

"ሰው ነዋ። በየቦታው ያለ ሰው ቀና ብሎ አየና የመሰለውን ስም ሰጠ።"

እኔስ ሰው አይደለሁ?

ኮርኒሱ ላይ ካርታው ባዶ የተዋት አንዲት ቦታ ነበረች። ከሥሯ ልክ የክብር ጠረጴዛው መሃል፣ የወንድሜ ወንበር የሚቀመጥበት ነው። ልጅቷ ስትሄድ እዚያች ላይ ወንድሜን አስቀመጥኩት። ለሆዱ ኮከብ አልሰሰትኩም። ያንን ትልቅ አፍንጫውን አበጀሁለት። ከሥሩ ደግሞ ወንበር አደረግኩ፤ ምስኪን ወንበር፣ እግሮቿ ከክብደቱ የተነሳ የጎበጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ወንድሜ ሊያይ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሥሩ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ህብረ ከዋክብት።"

"በሳይንስ ያለ ነው?"

"የተማረችውን ጠይቃት።"

ሙሽሪት ኮርኒሱን አየች፤ የአባቷን ሆድ አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች። "በቅርብ የተገኘ ነው፣ አባዬ።"

"ግርማ ሞገስ አለው" አለ ወንድሜ። ስለ ወንበሬ ግን ትንፍሽ አላለም።

የሠርጉ ቀን ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። እግሬ ልማዱ ነውና ቀጥ አድርጎ ወደ ዓምዱ ወሰደኝ። ከዓምዱ ጀርባ ወንበር የለም፤ አበባ ተቀምጧል። ይኸው ያቺም ቦታ ተነጠቀችኝ ብዬ ወደ መውጫው ስዞር የወንድሜ ሚስት እጄን ለቀም አደረገችኝ።

"ምን ያንጎራድድሃል? ሰው ሁሉ አንተን ይጠብቃል!"

"እኔማ ሰላም ልበላችሁና ልሂድ ብዬ ነው፣ እትዬ..."

"ዝም በል እስቲ!" ጎትታ ወስዳ የክብር ጠረጴዛው መሃል፣ በወንድሜ ወንበር ላይ ዘፍ አደረገችኝ። "እሱ ነው ያዘዘው። ሰማዩን የሠራው ከመሃሉ ሆኖ ይየው አለ። እሱ ዛሬ ትሪ ተቆጣጣሪ ነው።"

ቀና አልኩ። ሆዳሙ ልክ ከአናቴ በላይ ነው።

ከጎኔ የሙሽራው አያት ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። "ልጄ፣ ያ ከአናትህ በላይ ያለው ማን ነው?" አሉ።

አዳራሹ ሙሉ ቀና አለ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ዝቅ ብሎ እኔን አየ። አፍንጫውን አዩ፤ አፍንጫዬን አዩ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አባታችን ለሁለታችን እኩል ያወረሰን አፍንጫውን ብቻ ነው። ሆዴም በቱታ ተደብቆ ሲከርም አልታወቀኝም እንጂ፣ ሱፉ ያለ ርኅራኄ አጋለጠኝ።

"ራሱን ነው!" አለች አንዷ ሚዜ። "ራሱን ሰማይ ላይ ሰቅሎ!"

ሳቁ ሲበርድ አያትየው "ታሪኩስ? ሙሽሪት ሁሉም ታሪክ አለው ብላናለች" አሉ።

ማይክሮፎኑን ሙሽሪት ራሷ አመጣችልኝ። "በል አጎቴ" አለች፤ ዓይኗ ግን አደራ ይላል። ወንድሜ ትሪ ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ በሩ ክርኑን ሲመታው አየሁ። ይህቺን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቻታለሁ! ሆዱ የማን እንደሆነ አንዴ ብናገር በልጁ ሠርግ ላይ መሳቂያ ይሆናል። ቂሜን እወጣለሁ፤ ወንድሜን ግን እዚያው እቀብረዋለሁ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

"አንድ ሰውዬ ነበር" አልኩ። "ወጥ ቤት በር ላይ አስቀመጡት። ትሪ ሁሉ ያልፈዋል። ምግቡ ሲቀርበት ቂሙን ይበላ ጀመር። ቂም ደግሞ ያወፍራል። ሆዱ እንደ ፊኛ ተነፋ ተነፋና ከነወንበሩ ብድግ ብሎ እዚያ ላይ ተለጠፈ።"

"ከዚያስ?" አለ አንድ ድምፅ። ወንድሜ ነው።

"ከዚያማ ወንድሙ ከታች ሆኖ ጠራው። ና ውረድ፣ ወንበር ይዤልሃለሁ አለው።"

"ወረደ?"

"እያሰበበት ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድሜ ሰውን ሁሉ አልፎ መጣና ትሪውን ፊቴ አስቀመጠው። "እስኪያስብ ይብላ" አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ "አንተ ደረቅ! ያኔ እዚያ ያስቀመጥኩህ እኮ ትሪው ሁሉ ሳይጎድል መጀመሪያ በአንተ በኩል እንዲያልፍ ብዬ ነው። ከአዳራሹ ምርጥ ቦታ ነበር። እጅህን ብትዘረጋ ማን ይከለክልህ ነበር?" አለኝ።

ዞር ብዬ የወጥ ቤቱን በር አየሁ።

"ደግሞ ያ ሆድ የእኔ መሆኑን የማላውቅ መሰለህ? ወንበሬን በከንቱ የለቀቅኩልህ እንዳይመስልህ።" ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ በሩ ተመለሰ።

እውነቱን ይሁን ሰበብ አላውቅም። ቁራውም እባቡን አሳቦ ነበር። ብቻ በላሁ። ሁለተኛ ትሪ ሲያልፍ እጄን ዘረጋሁ፤ እውነትም የከለከለኝ የለም። ሦስተኛውንም አላሳለፍኩትም።

በመጨረሻ ስቴኪኒ ጠየቅሁ። አልቋል አሉኝ።

ይህንንም ይዤዋለሁ።