በቤተል ፊት የተጣለው ሳር

ለአገራዊ ምክክሩ ከመንደሩ የሚላከው ሐሳብ፣ የዶርዜ ሽማግሌዎች በሚዳኙበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ይመከርበት ተባለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ኤርጫፎ መርቀው ከፈቱት። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የመገንጠል መብት ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?

«ይሰረዝ!» አለ ሸማኔው ጌታነህ። «ጎረቤት በተቀየመ ቁጥር አጥሩን ይዞ ይሄዳል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ከአርባ ምንጭ የመጣችው የሕግ መምህርት፣ የኤርጫፎ ልጅ ቤተል ተነሣች።

«ጋሼ ጌታነህ፣ ሚስትህ ልሂድ ብትል በር ትቆልፍባታለህ?»

«የእኔዋ? ጓዟን ተሸክሜ እሸኛታለሁ!»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «እኔም ማንም እንዲሄድ አልፈልግም። ግን ልሂድ ማለት የተከለከለ ሰው፣ ወዶ መኖሩ በምን ይታወቃል? ከመተኳኮሳችን በፊት ብንጠያየቅ ኖሮ ወንድሜ አጵሎስ…»

ኤርጫፎ የሚቀጥለውን ቃል ዐወቁት። በከንቱ ሞተ ልትል ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ልጃቸው በሰሜኑ ጦርነት ከወደቀ ወዲህ ሌሊቱን የሚገፉት «ለአገሩ ነው» እያሉ ነበር።

ከእግራቸው ሥር ሳር ነጩና ፊቷ ጥለው ተንበረከኩ።

ሽማግሌ እርጥብ ሳር የጣለበት ሰው፣ ደም ሊመልስ የወጣ ቢሆን እንኳ ተሻግሮት አያልፍም። ዱላ ባልያዘ ሰው ፊት ሲጣል ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

ቤተል ሳሩን አየችው። አባቷን አየቻቸው። ተቀመጠች።

የሚቃወም ጠፋና ይሰረዝ ተብሎ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ኤርጫፎ መኪና መጠበቂያው ድረስ ተከተሏት።

«አከበርሽኝ፣ ልጄ።»

«ሳሩን ነው ያከበርኩት። ሐሳቤ ግን ያው ነው፣ አባዬ።»

«እሱን ዐውቃለሁ።»

«አጵሎስ ሊዘምት ሲነሣ እማዬ ሳር ይዛ እግርህ ላይ ወደቀች። ደጃፉ ላይ ጣልለት፣ አንተ ከጣልክ አይሻገረውም አለችህ። መርቀህ ሸኘኸው። ለእሱ ያልጣልከውን ለእኔ ጣልክ?»

ለአገሩ ነው የሚለው ቃል አፋቸው ድረስ መጣ። ዓይኗን እያዩ ሊሉት አልቻሉም።

ሚኒባሱ ቆመ።

«መቼ ትመጪያለሽ?»

«እንጃ፣ አባዬ» አለችና ገባች።