ጉዳዩን ሳትጠይቂ ጸልዪልኝ

ፀሐይነሽ ቤት ልትገዛ መሆኑን የሚያውቁት አራት ብቻ ነበሩ፤ ባሏ በድሉ፣ ልጇ አርያም፣ ቤት አሻሻጩ ሪልተር ጉልላትና እግዚአብሔር። ከአራቱ ምስጢር ይጠብቃል ብላ ያለ ስጋት የምታምነው የመጨረሻውን ነበር።

እኛ እንዲህ ነን፣ ምን ይደረግ! ቁልፍ እጅ ካልገባ፣ ጠበል ካልተረጨ፣ "ቤት ልገዛ ነው" አይባልም። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፈረንጁ ገና ቤት ማየት ሲጀምር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ እኛ ሶፋ ጭነን እየሄድን እንኳ "ወዴት ነው?" ሲሉን "ኧረ እዚሁ ነው" እንላለን። ታዲያ ሰው ጭንቀቱን ብቻውን አይችለውምና መላ ተበጅቶለታል። "ለአንድ ጉዳይ ጸልዪልኝ" ይባላል። ጉዳዩ የሐኪም ውጤት ይሁን፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት ይሁን፣ ባል ይሁን፣ አይጠየቅም። የሚጠይቅ ባለጌ ነው። የክርስትና ስም ተቀብሎ ሻማ ማብራት ነው፣ በቃ።

ፀሐይነሽም ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ይህንኑ ለእትዬ ሓዳስ ሹክ አለቻቸው። እትዬ ሓዳስ የአርያም የክርስትና እናት ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ካልጋሪ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ፀሐይነሽ ሕፃን ታቅፋ በስስ ጃኬት የመጣች ጊዜ ገና ስሟን ሳይጠይቁ የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ያለበሷት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሲቲስኬፕ ሰፈር ከልጃቸው ከኣሉላና ከሚስቱ ጋር ይኖራሉ። ጉዳዩን ሊጠይቋት ቀርቶ ራሳቸውም ጠጋ አሉና፣ "እኔም አንድ ጉዳይ አለኝ፣ ጓለይ። ወለተ ሥላሴ እያልሽ አስቢኝ" አሏት። "ጓለይ" በትግርኛ "ልጄ" ማለት ነው።

ፀሐይነሽ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ አይደለችም። አረጋውያን መጦሪያ ወደምትሠራበት ስትሄድ፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ የራሷን ስትጨርስ "የወለተ ሥላሴንም ጉዳይ ፈጽምላት" ትላለች። አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም።

የራሷ ጉዳይ ግን እንቅልፍ ከነሳት ቆይቷል። የሚኖሩበትን የዶቨር ሰፈር ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል፣ ባለቤቱ ሸጦ የልቀቁ ኖቲስ ሰጥቷቸዋል። ለአርያም ይህ ሰባተኛ ቤቷ ነው፤ ገና አስራ አምስት ዓመቷ። ባንኩ ለቤት ብድሩ የያዘላት ዝቅተኛ ወለድ አርብ ያበቃል። አምስት ቤት ላይ ኦፈር፣ የመግዣ ዋጋ ማለት ነው፣ አስገብታ አምስቱንም ተሸንፋለች። ከዚያ ወዲህ ፀሐይነሽ መቀመጥ አልችል ብላለች። እየበላች ትነሳለች፣ እየተነሳች ስልኳን ታያለች፣ አይታ ሳትጨርስ ሌላ ሳጥን ማሸግ ትጀምራለች። በድሉ ከጭነት መኪናው ሲደውል፣ "አንቺ ሴት፣ ቤቱ ቢገኝ አንቺን በጤና አናገኝሽም" ይላታል።

ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ያለውን ቤት ያየችው በዚህ መሃል ነው። አሮጌ ባንጋሎው ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በሩ ከመሬት እኩል የሆነ፣ አንድ ደረጃ እንኳ የሌለው። የሞቱት ባለቤት አዛውንት ስለነበሩ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መደገፊያ ብረት ተተክሏል። ከጓሮው አጥር ላይ ሆነው ሲያዩ የመሃል ከተማው ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ፣ ከታች ዲርፉት የሚባለው አውራ ጎዳና ሌት ተቀን ያጉረመርማል። ጉልላት "ድምፁ ይረብሻል እንዴ?" ሲላት፣ "እኔን ካልወጣሽ አይለኝም፣ ምን አገባኝ!" አለችው። ሜትር ስላልያዘች የአርያምን መኝታ ቤት በነጠላዋ ለካችው። ሁለት ነጠላ ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። በማግስቱ ከሺፍት ስትወጣ ሄደች፣ በማግስቱም ሄደች፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየችው። የጎረቤቱ ውሻ ለምዷት መጮኹን ተወ።

ኦፈር የሚቀበሉት እስከ ማክሰኞ፣ በፈረንጁ ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ፀሐይነሽ የተጠየቀውን ዋጋ አስገባች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉልላት ደወለ። "ሌላም ኦፈር አለ፤ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ አላውቅም። እስከ ስድስት ድረስ መጨመር ትችያለሽ። አስቢበት" አላት። በድሉ ጋ ብትደውል ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ ነው መሰለኝ ስልኩ አይሠራም። ከሳጥን ሳጥን ስትዞር አርያም አየቻትና፣ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ላይክ፣ ቁጭ በይ" አለቻት። ቁጭ አለች። ወዲያው ስልኳ ጮኸና ዘላ ተነሳች።

እትዬ ሓዳስ ነበሩ። ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ቀጥኗል።

"ጓለይ፣ ዛሬ ነው ቀኑ! እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አደራሽን፣ በጸሎት አስቢኝ።"

"እሺ፣ እትዬ ሓዳስ። ምን ገዶኝ!" አለች ፀሐይነሽ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ።

"ለሰው አይነገርም፤ አንቺ ግን ሰው አይደለሽም፣ ልጄ ነሽ። ደረጃው ገደለኝ እኮ። የኣሉላ ሚስት መልካም ልጅ ናት፣ አልዋሽም፤ ግን መኝታዬ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወርጄ ስመለስ ጉልበቴ ያለቅሳል። ይሄኛው ቤት ደረጃ የሚባል የለውም። መታጠቢያው ውስጥ መደገፊያ ብረት እንኳ ገብቶለታል፣ እኔን ሲጠብቅ እንደኖረ! አውቶቡሱ እደጁ ነው፤ ሰው ሳላስቸግር ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ኣሉላ ግን የጠየቁትን ሰጥተናል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ዶላር አልጨምርም ብሏል። እንግዲህ እመብርሃን እሷው ታውቃለች... ውይ! ዘረገፍኩት አይደል? ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ።"

 ፀሐይነሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወለተ ሥላሴን ጉዳይ ፈጽምላት እያለች ስትለምን የኖረችው የገዛ ቤቷን አሳልፈህ ስጥ ብላ ነበር ለካ! እሳቸውስ ቢሆኑ በየማለዳው ሲለምኑላት የከረሙት ይህንኑ አይደል? ጉድ እኮ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ "ጉዳይሽ ምንድን ነው?" ተባብለው ቢሆን ኖሮ፣ አንዷ ለሌላዋ ትታ፣ ተሳስቀው ያልፉት ነበር። ጨዋነት ነዋ፣ አይጠየቅም!

"እትዬ ሓዳስ..." አለች። ልትናገር ነበር። እውነቷን ነው፣ አፏን ከፍታ ነበር።

"ወዬ?"

"እጸልይልዎታለሁ" አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ለአምስት አስር ደቂቃ ያህል ደግ ሰው ሆነች። ካፖርቱን አሰበች። ጉልበታቸውን አሰበች። "ልተውላቸው፣ እኔ ገና ነኝ፣ ሌላ ይገኛል" አለች። ከዚያ ዞር ስትል አርያም ሳጥን ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ ተጎንብሳ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አየቻት። ልጅቷ ጠረጴዛ የለኝም እንኳ አላለችም፤ ለምዳዋለች። ይሄ መልመዷ ፀሐይነሽን አንጀቷን አቃጠላት። እትዬ ሓዳስ ይነስም ይብዛ ጣሪያ አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ እኔስ ማን አለኝ፣ አለች። የራሷ ክርክር ለራሷም ደስ አላላትም። ቢሆንም ስልኩን አነሳች።

"ጉልላት፣ ጨምር።"

"ስንት ላድርገው?"

"ትንሽ። ከተጠየቀው ትንሽ ብቻ ይብለጥ።"

"ፀሐይዬ፣ ትንሽ ከሆነ ዋጋ የለውም። ያኛው ሰው ብዙ ሊጨምር ይችላል።"

"አይጨምርም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ጨምር አልኩህ!" ብላ ጮኸችበት። አርያም ቀና ብላ አየቻት።

ወረቀቱ በስልኳ መጣላት፣ በጣቷ ፈረመች። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። የቀረውን ሩብ ሰዓት ምን እንዳደረገች ብትጠየቅ አታውቀውም፤ አንድ ሳጥን ከፍታ፣ ሳህኖቹን በሙሉ አውጥታ፣ መልሳ አሸገቻቸው። አንድም ጊዜ አላማተበችም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጉልላት ደወለና "እንኳን ደስ አለሽ፣ ባለቤት!" አላት። አርያም "ፎር ሪል? ማሚ፣ ፎር ሪል?" እያለች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም ሳቁ። በድሉም ተገኘና ከስልኩ ውስጥ እንደ ልጅ ፎከረ። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አላት። ሰባት ቤት ሙሉ ተሸክማው የኖረችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት።

ስልኩ እንደገና ሲጠራ ስሙን አይታ ተወችው። እንደገና ሲጠራ አነሳችው።

"አልሆነም፣ ጓለይ" አሉ እትዬ ሓዳስ። "በትንሽ ነገር በልጠው ወሰዱት አሉ። ይሁን፣ እሱ ያላለው አይሆንም። ደግሞ ተላመድኩት እኮ፣ ደረጃውን።" ቀጠሉና፣ "አርያም ናት የምትስቀው? ምን ተገኘ? የአንቺ ጉዳይ ተፈጸመልሽ እንዴ?"

እዚህ ላይ "ገና ነው" ማለት ትችል ነበር። ቁልፍ እስክትቀበል ድረስ ዝም ብትል የሚታዘባት አልነበረም፤ ወጉም እንደዚያ ነው።

"ተፈጸመልኝ" አለች።

"እልልልል!" እትዬ ሓዳስ ያንን ፎቅ በእልልታ ሞሉት። ከወዲያ ኣሉላ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" ሲል ይሰማል። "ተመስገን! ለእኔ ባይሆን ለአንቺ ሆነ! በየማለዳው እኮ ነው ስምሽን የጠራሁት። በይ አሁንስ ንገሪኝ፣ ምን ነበር?"

"ቤት ነው።"

"ቤት! እሰይ የኔ ልጅ! የት?"

"ሜይላንድ" አለች ፀሐይነሽ። "ያ ነው፣ እትዬ ሓዳስ። ደረጃ የሌለው።"

ኣሉላ አሁንም የሆነ ነገር ይጠይቃል። የእትዬ ሓዳስ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ።

"እኔ መሆኔን ያወቅሽው መቼ ነው?"

"ቅድም ሲደውሉልኝ።"

"ቅድም ስደውልልሽ..." አሉ፣ ነገሩን አንድ በአንድ እየለቀሙ። "ኣሉላ አይጨምርም ስልሽ። ከዚያ በኋላ እጸልይልዎታለሁ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ጸለይሽ?"

አርያም ከኋላዋ መጥታ "ማሚ፣ የኔ ክፍል የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ፀሐይነሽ በእጇ ቆይ አለቻት።

"አልጸለይኩም፣ እትዬ ሓዳስ" አለች።