ለሰው ዓይን የተደረገ ፍቺ

ፍቺውን የተማከሩት አውድማ ላይ፣ የተወቃውን ጤፍ ለነፋስ እየሰጡ ነው። ነፋሱ ንግግራቸውን ከገለባው ጋር ወደ ገደሉ ስለሚወስደው ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከአምበር በታች ባሉት መንደሮች ወንዱ እየሸፈተ ነው፤ የሸፈተ ሰው ቤት ይቃጠላል፣ ሚስቱም ታስራ ትወሰዳለች። ውበቱ ከአርበኞቹ ጋር ሊቀላቀል ቆርጧል። ሚስቱ ሥራነሽ ደግሞ ትንሿን ልጃቸውን ታየችን ይዛ የምትገባበት ሌላ ቤት የላትም። ስለዚህ እሱ ከመሄዱ በፊት መፋታት ነበረባቸው፤ ያውም አገር እየሰማ፣ ክፉኛ ተጣልተው። በተለይ ለጣሊያን ያደረው ጭቃ ሹም ኃይለ ሚካኤል ካላመነ ፍቺው ምንም አይረባም።

"ምን ብለሽ ትከሽኛለሽ?" አላት ውበቱ መንሹን ተደግፎ።

"ያንኮራፋል እላለሁ።"

"በማንኮራፋት ባል የሚፈታ ቢሆን ጎጃም ውስጥ ባለትዳር አይገኝም።"

"እንግዲያው ሰነፍ ነው ልበላ።"

"ይኸን ሁሉ ጤፍ ማን አረሰው ይሉሻል።"

"በሬዎቹ እላለሁ።"

ሳቀ። "እኔስ ምን ልበል?"

"ወጥ ታሳርራለች በል።"

"እሱማ እውነት ነው፤ የፈጠራ አምጪ።"

ገለባ አፍሳ በተነችበት። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ቀን አብረው የሳቁበት ጊዜ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጭቃ ሹሙ ሳይጠራ መጥቶ ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባልና ሚስቱ ያጠኑትን ተናገሩ። ማንኮራፋቱ፣ ስንፍናው፣ ያረረው ወጥ፣ ሁሉም ተራ በተራ ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ አያ ወልደ ሰንበት፣ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ።

"ልጆቼ፣ ይህማ የትዳር ቅመሙ ነው። እኔና ባለቤቴ ባንሰዳደብ ኖሮ እስከ ዛሬ ምን እናወራ ነበር? ሂዱና ጠላ ጥመቁ፤ መጥተን እናስታርቃችኋለን።"

ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቀም።

"አያ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት" አለ። "እኔ እንዲህ በዓይን እየተጠቃቀሰ የሚፋታ ሰው አላየሁም። ይህ ነገር አለው።"

የውበቱ ፊት ተለወጠ። ብድግ አለ።

"ነገርማ አለው! እኔ የጠየቅሁት እህቷን ያለምወርቅን ነበር። አባቷ ታላቋ ሳትዳር ታናሿ አትዳርም ብሎ ይችን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ቤቴ ስገባ የሚታየኝ ያላገኘኋት ናት።"

ይህ አውድማው ላይ አልተባለም። ሥራነሽ ዓይኑን ፈለገች፤ እሱ ግን የሚያየው ሽማግሌዎቹን ነበር። መናገር ስትጀምር ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"አገሩ ማይጨው ሲዘምት ይህ ሰው እግሬ አበጠ ብሎ ቀረ። እግሩ ምንም አልነበረም። ልሞት ነው ብሎ ጉልበቴ ላይ ሲያለቅስብኝ፣ የሚያሳብጠውን ቅጠል ወቅጬ የለጠፍሁለት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጭቃ ሹሙ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር።

"እኔ ደግሞ ሊሸፍት ይሆን ብዬ ስጠረጥር! ይህ እንኳን ጣሊያንን ድመት አያባርር! ፍቷት አያ፣ ፍቷት። ከእንዲህ ያለ ወንድ ጋር ማን ይኖራል?"

አያ ወልደ ሰንበት አልሳቁም። ባልና ሚስቱን ተራ በተራ አዩአቸው። "በሉ" አሉ ቀስ ብለው፤ "ይህስ አይጠገንም።" ቤቱና ልጅቱ ለእሷ፣ በሬዎቹ ለእሱ ተባለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ሊሰነባበቱ ተቀጣጥረው ነበር። መጣ። ጋቢውን አጣፍቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ስለ ያለምወርቅ ያልኸው…"

"ሰው እንዲያምን ነው።"

"እኔም አመንሁ።"

"የአንቺስ?" አለ። "ለማንም አንነግርም ያልነውን!"

ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፤ እሱ አስቀድሞ እንዲላት ደግሞ ጠበቀች። እሱም ምናልባት ያንኑ ይጠብቅ ነበር። ከማዶ ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ድምፅ ተሰማ። የተፋቱ ሰዎች አብረው መታየት ስለሌለባቸው "ታየችን ሳሚልኝ" ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወታደሮቹ መጡ። ጭቃ ሹሙ ከፊት እየመራ የሸፈቱትን ቤት አሳየ። የሥራነሽ በር ላይ ሲደርስ "ይችን ተዉአት፤ ፈሪ ባሏን የፈታች ናት" አለ፤ አለፏት። ጎረቤቶቿ አመዳቸውን ሲጠርጉ የእሷ ቤት እንደቆመ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ጭቃ ሹሙ ደጇ ላይ ቆመ። በርበሬ ትቀነጥስ ነበር።

"ሰማሽ? ለካ ያ ፈሪሽ ሸፍቶ ኖሯል። ጉንደ ወይን በኩል ሞተ አሉ። ከፊት ሆኖ ሲዋጋ ነው ይላሉ፤ ወሬ ነው መቼም።"

ይህን ሲል ፊቷን ይመረምር ነበር። ታየች የእናቷን ቀሚስ ጨብጣለች።

"ነፍስ ይማር" አለች ሥራነሽ፣ ለማንም ሰው እንደሚባለው፤ መቀንጠሷንም ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ሄደ።

ጠጕሯን አልተላጨችም፤ ጥቁር አልለበሰችም። ለፈታችው ባል፣ ያውም ለሽፍታ፣ ድንኳን የሚተክልላት፣ ሊያስተዛዝናት የሚመጣ ሰው አልነበረም። ቢመጣም ፍቺው ለሰው ዓይን እንደነበር ይታወቅና ቤቱ ይቃጠላል።

በዚያው ወር ከወንዙ ማዶ ባለው ደብር ወለተ ሐዋርያት የሚባሉ አሮጊት አረፉ። ሥራነሽ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ጌሾ ሲሸጡ አይታቸዋለች፤ ሌላ አታውቃቸውም። ዕድሜ የጠገቡ ስለሆኑ ልጆቻቸው እንኳን የሚያለቅሱት ለወጉ ነበር። ሥራነሽ ታየችን ለጎረቤት ሰጥታ ሄደች። ለቅሶው መካከል ገባች፣ ነጠላዋን አወረደች፣ ደረቷንም መታች። ስታለቅስ አልቃሿ ግጥሟን አቆመች። የሟች ልጆች አፍረው እንደ አዲስ ጮኹ።

"ምናቸው ናት ይች?" አለች አንዲት ሴት።

"እንጃ፤ ከማዶ ናት አሉ።"

የሟች የመጀመሪያ ልጅ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። "እኅቴ፣ እናታችንን የት አውቀሻቸው ነው?"

ሥራነሽ የባሰ አለቀሰች። ሴትዮዋም ደግማ አልጠየቀቻትም፤ እጇን ይዛ ከቅርብ ዘመድ መካከል አስቀመጠቻት። እስኪመሽ ድረስ የመጣው ሁሉ በተራ እየጎነበሰ "እግዜር ያጽናሽ" አላት። ሥራነሽ ራሷን ዝቅ እያደረገች ከእያንዳንዱ ተቀበለች።