አፕዴት እምቢ ያለበት ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲል መቀሷን ታስቀምጣለች። ደንበኛ ቢመጣ፣ ሙሽራ ብትመጣ፣ "ወንድሜ ይጠብቀኛል" ብላ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች።

ወንድሟ በአውቶብስ አንድ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ የሚኖር አናጢ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ልጅ ሳለ መስማት ለማይችሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው ስላልነበረ ማንበብም መጻፍም አልተማረም። ቋንቋውን የፈጠሩት ሁለቱ ናቸው፤ እሷ ሰባት፣ እሱ አራት ዓመት ሆኖት፣ ጓሮ አፈር ላይ ቁጭ ብለው። ጉንጭን በአውራ ጣት ማሸት "እማዬ" ነበር። ሁለት ጣት ክንድ ላይ ማስኬድ "ተነስ እንሂድ"። እናትና አባታቸው ከዚያ ቋንቋ ግማሹን ያህል ያውቁ ነበር። እነሱ ካረፉ ወዲህ ግን አሟልቶ የሚያውቀው ከሁለቱ በቀር በምድር ላይ ሰው አልቀረም።

ስለዚህ በቪዲዮ የሚገናኙበትን አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጧል፤ ካሜራዋ ስክሪኑ ጫፍ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተይዛለች። ወንድሟም በዚያኛው ጫፍ በአሠሪው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ፊደል ባይለይም የትኛዋ ሥዕል ላይ እንደሚጫን ጠንቅቆ ያውቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ሊሰነባበቱ ሲሉ "የሚቀጥለው ሳምንት የምነግርሽ ነገር አለ" አላት በእጁ። ምንድን ነው ብትለው አፉን በመዳፉ ከደነና ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስታሰላስል ሰነበተች። ታሞ ይሆን? ከሥራ አስወጥተውት ይሆን? የአንድ ደንበኛ እጅጌ ገልብጣ እስከመስፋት ደረሰች።

ቅዳሜ ደረሰ። ኮምፒውተሩን ከፈተች። የሚጠራሩበት ገጽ አልመጣም። በምትኩ "ብሮውዘርዎ አርጅቷል፤ አፕዴት ያድርጉ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ይህንኑ ልመና ለወራት "ቆይ ኋላ" እያለች ስትገፋው ኖራለች። "እሺ፣ ይኸው!" ብላ ተጫነችው። ክቡ ምልክት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና "አፕዴቱ አልተሳካም" ከሚል ቀይ ጽሑፍ ሥር የቁጥር ጋጋታ ደረደረላት። ደገመች። ሠለሰች። አጥፍታ አበራችው። ሶኬቱን ነቅላ ሰካችው። እምቢ አለ።

ባለ ቁልፍ ስልኳን አንስታ ለወንድሟ አሠሪ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ወንድሟ ባዶ ስክሪን ፊት ተጎልቶ ታያት። ከዚያ በኋላ አላሰበችም፤ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከነካሜራዋ በተረፈ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች።

መጀመሪያ ያገኘችው ባለሙያ ቀና ብሎ ሳያያት "ፎርማት ይደረግ። አስቀምጪውና ሰኞ ነይ" አላት።

"ሰኞ!" አለችና መልሳ ታቅፋው ሄደች።

ሁለተኛው ቤት ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ አሁን ኮምፒውተር የሚጠግኑ አዛውንት ሱቅ ነው። የሰፈሩ ሰው "ቀስ በሉ" ይላቸዋል፤ ለመጣ ሁሉ የሚሉት እሱን ስለሆነ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሆዳቸው በተከፈተ ዕቃዎች ተሞልቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ብሎኖች በጠርሙስ ክዳን በክዳን ተለይተው ተቀምጠዋል።

"ምን ሆነ?" አሏት።

"አፕዴት አድርጊ ይለኛል። ሳደርገው ደግሞ አልተሳካም ይለኛል። ራሱ አዝዞ ራሱ ይከለክለኛል፣ ጋሼ!"

"ቀስ በይ፣ እህቴ። መጀመሪያ ተቀመጪ።"

"መቀመጫ ጊዜ የለኝም" ብላ የወንድሟን ነገር አንድ ሳይቀር ዘረገፈችላቸው። እሳቸው እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ሣጥኑን ከራሳቸው ስክሪንና ከሱቁ ኢንተርኔት ጋር አገናኙት፣ ቀዩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና የስክሪኑን የታችኛውን ጥግ አዩ። ሳቅ አሉ።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

ነገረቻቸው።

"ለእሱም ንገሪው። እሱ ገና ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው ያለው።"

ጎንበስ ብላ አየች። እውነት ነው።

"ሐሙስ እናንተም ጋ መብራት ሄዶ ነበር?"

"ሲሄድ ሲመጣ ዋለ።"

"በቃ። ውስጡ ቀን የምታስታውስለት ባትሪ አለች፤ ይህቺ የኮት ቁልፍ የምታክል። እሷ ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ቀኑ ጠፋበት። ኮምፒውተሩ አፕዴቱ ከሚመጣበት ቦታ ሲደርስ መታወቂያ ያሳዩታል፤ መታወቂያው የዘንድሮ ነው። እሱ ደግሞ ዘንድሮ ገና አልደረሰም ብሎ፣ አታላዮች ናችሁ ይላቸዋል።"

"እኔ እኮ እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። ለወራት ስገፋው ስለኖርኩ።"

"አንቺ ምንም አላበላሸሽም" አሏት። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው።

ባትሪዋን ቀየሩ፣ ቀኑን አስተካከሉ፣ አፕዴቱን ተጫኑ። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ እንደገና ቀይ ጽሑፍ። ልብስ ሰፊዋ ራሷን ያዘች። "አለቀ በቃ!"

"ቀስ በይ። ቁጥሩን እይው፤ ይሄ ሌላ ነው። ሌላ ቁጥር ማለት አንድ በር አልፈናል ማለት ነው።" ጥቂት ሲፈትሹ ቆዩና "አሃ፣ ብሮውዘሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ከኋላ እየሠራ ነው። አንቺ ሰው ለብሶት እየሄደ ሱሪውን ትጠግኚለታለሽ?" አሏት።

"ኧረ አውልቅ ነው የምለው!"

"እኛም አውልቅ እንበለው።" ከኋላ የሚሠራውን ዘጉት፣ ተቋርጦ የቀረውን ግማሽ ፋይል አጠፉና እንደገና ተጫኑ። አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሳብ ጀመር። ሁለቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩዋት። ሞላች። "አፕዴቱ ተጠናቋል።"

ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ከሁለት ሰዓት በላይ ማን ይጠብቃል? ካሜራዋን ስክሪኑ ጫፍ ላይ ቆንጥጣ ጥሪውን ተጫነች።

ጠበቀ። እዚያው ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ላይ የእንጨት ብናኝ፣ ዓይኑ ቀልቶ። እጆቹ እንደ ተቆጣ ሰው ተንቀሳቀሱ፦ "የት ነበርሽ? ሞትሽ ብዬ ነበር። ነገ አውቶብስ ልሳፈር ነበር።"

"አለሁ፣ አለሁ። ዕቃው ነው የታመመው። አንተስ? የምትነግረኝስ?"

ወንድሟ ቁጣውን እንደ ካፖርት አውልቆ ጣለው። ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የአንዲት ሴት እጅ ስቦ አመጣ። ሴትዮዋ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት ሽርጥ ለብሳለች፤ እዚያው እሱ የሠራውን ቁም ሣጥን የምትቀባ ናት። አፍራ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ ትከሻዋ ላይ የሌለ ሹሩባ ጎተት አደረገች።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። ያ ምልክት "እህቴ" ማለት ነው። ወንድሟ በልጅነቱ ሹሩባዋን እየጎተተ ስለሚያስቸግራት የወጣላት ስሟ ነው። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሱ እጅ በቀር በሌላ ሰው እጅ ሲነገር አይታው አታውቅም።

"አንድ ዓመት አስተማርኳት" አለ ወንድሟ። "እንጋባለን።"

ቀለም ቀቢዋ በእጇ ቀጠለች፤ ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን እየተሳሳተች፦ "እሱ ስለ አንቺ ያወራል። ብዙ። እኔ ሁሉንም መስማት ፈለግሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ማልቀስና መሳቅ ተደበላለቀባት። ወንድሟ ቢታመም የሚለው ለማን ይገባ ይሆን እያለች ስንት ሌሊት ተጨንቃ ነበር። አሁን እዚያ፣ ከአጠገቡ፣ "አመመኝ" ቢል የሚገባት ሰው አለች። በልቧ "ተመስገን" አለች፤ አሁንም "ተመስገን"።

አዛውንቱ ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ብሎን ሲያጠብቁ ቆይተዋል፤ የጠበቀውን ፈትተው መልሰው ያጠብቁታል። ወንድሟ አያቸው። "ማናቸው?" አለ።

"በሩን የከፈቱልን ናቸው" አለችውና አዛውንቱን ጠራቻቸው። "ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ፣ ይፈልግዎታል።"

መጥተው ጎንበስ አሉ። ወንድሟ ቀኝ መዳፉን እንደ ሳህን አድርጎ ወደ ደረቱ አስጠጋ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዘረጋው።

"ምን አለኝ?"

"ልጆች ሳለን ለ'አመሰግናለሁ' ምልክት አላወጣንም ነበር" አለች እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች። "የምንካፈለው ምግብ ሊያልቅ ሲል አንዳችን ለሌላው የምንለውን ነው ያልዎት። ድርሻዬን ውሰድ ማለት ነው።"

አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አሉ። "መልሱስ? መልስ አለው?"

አሳየቻቸው፤ መዳፍን ሆድ ላይ አድርጎ አንዴ መምታት፣ "ጠገብኩ፣ ይብቃኝ"። ብሎን መፍቻው በእጃቸው እንዳለ ሆዳቸውን መቱ። በዚያኛው ጫፍ አናጢውና ቀለም ቀቢዋ ተደጋግፈው ሳቁ። አዛውንቱ በርጩማ ስበው ከልብስ ሰፊዋ ጎን ተቀመጡና አራቱም፣ እሷ እያስተረጎመች፣ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ሲያወሩ ቆዩ።